የመንግሥት ምስጢርና ውርርድ፦ ከትንበያ ገበያ እስከ ካፋ ቡና

ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ ኃይሎች የቬኔዙዌላውን ፕሬዚዳንት ኒኮላስ ማዱሮን ካራካስ ውስጥ ይዘው ከአገር ማስወጣታቸው ሲዘገብ፣ ከወታደራዊው ዘመቻ ጎን ለጎን አንድ ሌላ ዜናም የብዙዎችን ትኩረት ስቦ ነበር። ፖሊማርኬት በተባለው የኢንተርኔት የትንበያ ገበያ ላይ ብዙም ሳይቆይ የተከፈተ አንድ ሒሳብ፣ ማዱሮ ከሥልጣን ይወገዳሉ በሚለው ላይ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ አስይዞ ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ማትረፉ ተገለጸ። ዘመቻው ከመፈጸሙ በፊት የሚያውቀው ሰው እጅግ ጥቂት ስለነበር፣ ገንዘቡን ያስያዘው ሰው ዕድለኛ ነው ወይስ ውስጠ አዋቂ የሚለው ጥያቄ ወዲያውኑ ተነሣ። በአሜሪካ ምክር ቤትም የመንግሥት ባለሥልጣናትና ሠራተኞች በሥራቸው ባገኙት ያልተገለጸ መረጃ በእንዲህ ዓይነቱ ገበያ እንዳይሳተፉ የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ቀረበ።

የትንበያ ገበያ አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። አንድ ጥያቄ ይቀርባል፤ «ይህ ነገር እስከዚህ ቀን ድረስ ይሆናል ወይስ አይሆንም?» የሚል። «ይሆናል» የሚለው ወረቀት ነገሩ ከሆነ 1 ዶላር ይከፍላል፤ ካልሆነ ምንም አይከፍልም። ወረቀቱ በ7 ሳንቲም የሚሸጥ ከሆነ ገበያተኛው የነገሩን የመሆን ዕድል ከመቶ 7 ያህል አድርጎ ገምቶታል ማለት ነው። በ7 ሳንቲም የገዛ ሰው ነገሩ ቢሆንለት ከዐሥራ አራት እጥፍ በላይ ያገኛል። ይህን የሚከፍለው ግን ገበያው ራሱ ሳይሆን በሌላኛው ወገን ቆሞ «አይሆንም» ያለው፣ የሚያውቀው ነገር ከጋዜጣ ያልዘለለ ሰው ነው።

ጉዳዩ የቬኔዙዌላ ብቻ አይደለም። በእስራኤል አንድ ተጠባባቂ ወታደርና አንድ ሲቪል ምስጢራዊ ወታደራዊ መረጃን በዚሁ ገበያ ለመወራረጃነት ተጠቅመዋል ተብለው መከሰሳቸውን ባለሥልጣናት በየካቲት 2026 እ.ኤ.አ. አስታውቀዋል። በብሪታንያ ደግሞ የ2024ቱ ጠቅላላ ምርጫ የሚካሄድበት ቀን በይፋ ከመነገሩ ጥቂት ቀደም ብሎ በቀኑ ላይ ውርርድ አስይዘዋል የተባሉ ፖለቲከኞችና የፓርቲ ሠራተኞችን ጨምሮ 15 ሰዎች ላይ የአገሪቱ የቁማር ኮሚሽን በቀጣዩ ዓመት ክስ መሥርቷል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በብሪታንያ ምርጫ እንደሚኖር ሕዝቡ ሁሉ ያውቅ ነበር። የማይታወቀው ቀኑ ነበር። በቬኔዙዌላም የአሜሪካ የጦር መርከቦች በካሪቢያን ባሕር ላይ መሰብሰባቸው ለወራት የተዘገበ ነገር ነው፤ ያልታወቀው የመጨረሻዋ ሌሊት ነበረች። መንግሥት የሚይዘው፣ በገንዘብም የሚመነዘረው ምስጢር አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ ሳይሆን ቀኑ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቦንጋ፣ በዙሪያዋም ባሉት በጊምቦ፣ በዴቻ፣ በጨናና በሌሎቹ የካፋ ዞን ወረዳዎች የሚኖር አንባቢ ይህን ሲያነብ «እኛን ምን አገባን?» ቢል አይፈረድበትም። እዚያ በካራካስ ላይ የሚወራረድ ሰው መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። በአገራችን የሚታወቀው የስፖርት ውርርድም የሚያርፈው በአውሮፓ ኳስ ላይ እንጂ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ውሳኔ ላይ አይደለም። ይሁን እንጂ የካፋ አርሶ አደር ምንም ወረቀት ሳይገዛ፣ ስልክም ሳይከፍት፣ በየዓመቱ በመንግሥት ውሳኔዎች ላይ ሲወራረድ ይኖራል። ቡናውን ዛሬ ልሽጥ ወይስ ነገ ብሎ የሚወስነው ውሳኔ፣ የብር የምንዛሪ ተመን፣ የኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን ለላኪዎች የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋና የነዳጅ ዋጋ ነገ ምን ይሆናል በሚለው ላይ የተመሠረተ ነው። ከአርሶ አደሩ በሌላኛው ወገን ቆሞ የሚገዛው ሰው ነገን አስቀድሞ ካወቀ፣ ውርርዱ ገና ሳይጀመር አብቅቷል።

ሁለት ቀኖችን እናስታውስ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለ የ15 በመቶ የምንዛሪ ማስተካከያ ሲያደርግ፣ አንድ የአሜሪካን ዶላር ከ23 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ ወደ 26 ብር ከ90 ሳንቲም ገደማ አደገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት ዕለት፣ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የመጀመሪያው ቀን የመግዣ ዋጋ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ደረሰ፤ በሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። እነዚህ ውሳኔዎች ለአገር ይጠቅማሉ ወይስ አይጠቅሙም የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ላኪው በብር የሚያገኘው ስለሚጨምር ቡና አምራቹ በጊዜ ሂደት የተሻለ ዋጋ እንዲያገኝ ማስቻላቸውም ከዓላማዎቻቸው አንዱ ነበር። የእኛ ጥያቄ ከዋዜማው ሌሊት ጋር የተያያዘ ነው።

አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። በመጋዘኑ 10 ቶን ቡና ያለው፣ ኪሎውን በ5 ዶላር ለመላክ የሚችል ነጋዴ አለ እንበል። ሐምሌ 21 ቀን ይህ ቡና በባንክ ተመን 2 ሚሊዮን 870 ሺህ ብር ገደማ ያወጣ ነበር። በማግሥቱ 3 ሚሊዮን 730 ሺህ ብር ሆነ። ከ860 ሺህ ብር በላይ የሆነው ልዩነት የመጣው ቡናው ስለተሻሻለ ወይም ነጋዴው ስለደከመ አይደለም። ሁለቱም ወገን ሳያውቅ ይህ ከሆነ የገበያ ዕጣ ነው፤ ማንም በማንም ላይ ቅር አይሰኝም። ነጋዴው በሐምሌ 15 ቀን ከአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ስልክ ተደውሎለት፣ በዚያች ሳምንት ከአቅራቢዎችና ከአርሶ አደሮች የቻለውን ያህል በአሮጌው ዋጋ ሰብስቦ ቢሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ልዩነቱ ከእያንዳንዱ ሻጭ ኪስ በፈረሱላ እየተቆጠረ የተወሰደ ይሆናል።

ወቅቱም ራሱን የቻለ ትርጉም አለው። በካፋ ቀይ እሸት ቡና በስፋት የሚለቀመው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። የ2010ሩ ማስተካከያ የወጣው ለቀማው በሚጀመርበት ሰሞን ነበር፤ መስከረም 28 ቀን የሸጠና ጥቅምት 3 ቀን የሸጠ ሰው ዕጣ ሊለያይ የሚችልበት ጊዜ ማለት ነው። የ2016ቱ የወጣው በሐምሌ፣ በክረምቱ መካከል ነው። በዚያ ወቅት አብዛኛው ቡና ከአርሶ አደሩ እጅ ወጥቶ በአቅራቢውና በላኪው መጋዘን ጀንፈል ሆኖ ተቀምጧል። በአንጻሩ ሐምሌና ነሐሴ የአርሶ አደሩ ጎተራ የሚጎድልበት፣ የልጆች የትምህርት ወጪም የሚታሰብበት ጊዜ በመሆኑ፣ ቡናው ገና በዛፉ ላይ ሳለ ለመጪው ለቀማ ዋጋ ተቆርጦለት ገንዘብ መበደር በደቡብ ምዕራብ የቡና አካባቢዎች እንግዳ ነገር አይደለም። በሐምሌ አጋማሽ በዚህ ዓይነት የተዋዋለ አርሶ አደር የተዋዋለው በ57 ብር ዶላር ነው፤ ቡናውን ያስረከበው ግን ዶላሩ ከ100 ብር ካለፈ በኋላ ነው። አበዳሪው ይህን ሳያውቅ ተዋውሎ ከሆነ ዕድለኛ ነው። አውቆ ከሆነ ግን ሌላ ስም አለው።

በእርግጥ አስቀድሞ መገመትና አስቀድሞ መስማት መለየት አለባቸው። መንግሥት ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር ሲነጋገር መቆየቱ፣ ከድርድሩ ነጥቦች አንዱም የምንዛሪ ሥርዓቱ መሆኑ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በጋዜጦች ላይ በሰፊው ተጽፏል። ይህን አንብቦ፣ የትይዩ ገበያውን ዋጋ ተመልክቶ፣ «ለውጥ መምጣቱ አይቀርም» ብሎ ቡናውን የያዘ ነጋዴ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ሥራውን ነው የሠራው። የነዳጅ ማደያ ባለቤትም ዋጋ በየጊዜው እንደሚከለስ ያውቃል፤ የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ ቢገምት አይደንቅም። (ገምቶ ቤንዚኑን መደበቁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ የሚያስቀጣ ድርጊት አድርጎታል።) መስመሩ የሚታለፈው ግምቱ በመንግሥት ሠራተኛ አፍ ወደ እርግጠኝነት ሲለወጥ ነው። ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ91 ብር ከ14 ሳንቲም ወደ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሲያድግ፣ 20 ሺህ ሊትር በማጠራቀሚያው የያዘ ሰው በአንዲት ሌሊት ከ206 ሺህ ብር በላይ ብልጫ ያገኛል። ከቦንጋ ጅማ የሚመላለስ ሾፌር በዋዜማው ማደያ ለማደያ ሲንከራተት ካመሸ፣ የከፈለው ብልጫውን ብቻ አይደለም፤ የሥራ ቀኑንም ጭምር ነው።

በአገራችን የቡና ታሪክ ውስጥ የዚህ ጥላ ያረፈበት አጋጣሚ አለ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በተከታዩ ዓመት ቡናን ማገበያየት ሲጀምር፣ መንግሥት በ2001 ዓ.ም. አጋማሽ ቡና ይዘው ገበያውን ሲጠብቁ ነበር ያላቸውን ስድስት ታላላቅ ላኪዎች ፈቃድ መሰረዙና መጋዘኖቻቸውን መዝጋቱ ይታወሳል። ያኔ ክርክሩ ሁሉ በነጋዴው ላይ ያተኮረ ነበር። ማከማቸት ነውር ነው ተባለ፤ ጨዋ ነጋዴ እንዲህ አያደርግም ተባለ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ የጥያቄው ግማሽ ብቻ ነው። ነጋዴ የሚይዘው ዋጋ ይጨምራል ብሎ ሲያምን ነው። እምነቱ ከየት መጣ የሚለው ሁለተኛው ግማሽ ጥያቄ ወደ መሥሪያ ቤቶች ኮሪደር ስለሚወስደን ሳይሆን አይቀርም እምብዛም የማይጠየቀው።

የምርት ገበያው አንድ በጎ ነገር ይዞ መጥቷል። በየዕለቱ የሚደረገው የግብይት ዋጋ በገጠር ከተሞች በተተከሉ ሰሌዳዎች፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በ929 የስልክ መስመር እንዲሰማ ተደረገ። ቦንጋም የቡና መረከቢያ ማዕከል ካላቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባን ዋጋ የሚያውቀው ከአዲስ አበባ የመጣው ገዥ ብቻ ነበር። የዋጋ መረጃ ግን ትናንትን ነው የሚናገረው። ነገን የሚወስነው ደብዳቤ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ የትኛውም ሰሌዳ አይናገርም።

በትንበያ ገበያዎች ላይ የሚጽፉ አንዳንድ የኢኮኖሚ ምሁራን በዚህ ረገድ የሚያነሡት መከራከሪያ አለ። ውስጠ አዋቂው ሲገዛ ዋጋው ይንቀሳቀሳል፤ ዋጋው ሲንቀሳቀስ ሕዝቡ ምስጢሩን በተዘዋዋሪ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ውስጠ አዋቂው መረጃን ለገበያው ያደርሳል እንጂ አይጎዳም ይላሉ። መከራከሪያው ከንቱ አይደለም፤ ገዥውም ሻጩም በስልክ ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው የሚጠብቁበት ገበያ ቢሆን ሊያስኬድ ይችላል። የካፋው ሻጭ ግን መጠበቅ አይችልም። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ወደ መፈልፈያው ካልደረሰ ጥራቱ ይበላሻል። አርሶ አደሩ በጆንያ ተሸክሞ መንገድ ዳር ከደረሰ በኋላ ያለው ምርጫ ለመጣው ሰብሳቢ መሸጥ ወይም ይዞ ተመልሶ አድርቆ ጀንፈል ማድረግ ነው፤ ማድረቁ ደግሞ ሳምንታት ይወስዳል፤ ገንዘቡ የሚያስፈልገው ዛሬ ነው። ዋጋው ምስጢሩን ሹክ እስኪለው ድረስ ቡናው አይቆየውም። ስለዚህ ውስጠ አዋቂነት ከሁሉ የሚጎዳው የሚሸጠውን ነገር ማቆየት የማይችለውን ሰው ነው።

ለዚህ የቆየ መፍትሔ ያላቸው አገሮች አሉ፤ መፍትሔውንም ያገኙት ከቅሌት በኋላ ነው። በአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር በየወሩ የጥጥ ምርትን ሁኔታ የሚገልጽ ሪፖርት ያወጣ ነበር። ሪፖርቱ በኒውዮርክ የጥጥ ገበያ ላይ ዋጋ የሚያናጋ ነው። በ1905 እ.ኤ.አ. ኤድዊን ሆምስ የተባለ የመሥሪያ ቤቱ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ቁጥሮቹን አስቀድሞ ለደላሎች ሲያሳልፍ ተደርሶበት ተባረረ። ዘዴው ዛሬም ይነገራል፤ የቢሮውን የመስኮት መጋረጃ ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ ውጭ ለሚጠብቀው ሰው ምልክት ይሰጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሚኒስቴሩ ሪፖርቱን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች በተቆለፈ ክፍል፣ በተዘጋ መስኮት፣ ያለ ስልክ እንዲሠሩ አደረገ። ሪፖርቱ የሚወጣበት ቀንና ሰዓት ከወራት በፊት ለሁሉም ይነገራል፤ ሰዓቱ እስኪደርስ ማንም ከክፍሉ አይወጣም። የተጠናቀቀው ቁጥር ሳይታወጅ የሚቆየው ለቀናት ሳይሆን ለሰዓታት ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ኤዲ መርፊ የተወነበት አንድ አስቂኝ ፊልም ይህንኑ ታሪክ በብርቱካን ምርት ሪፖርት መስሎ አሳይቶት ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመንግሥት ሠራተኞች በሥራቸው ያገኙትን ያልተገለጸ መረጃ በሸቀጥ ገበያ እንዳይጠቀሙበት የሚከለክለው ድንጋጌ ሲወጣ፣ ሰዎች «የኤዲ መርፊ ሕግ» ብለው ጠሩት።

እንግሊዞችም የራሳቸው አላቸው። በ1936 እ.ኤ.አ. የበጀት ንግግር ከመሰማቱ በፊት የገቢ ግብር ይጨምራል ብለው ለኪሳራ መድን የገቡ ሰዎች በዝተው ተገኙ። ነገሩ ሲመረመር ምስጢሩ የወጣው ከቅኝ ግዛቶች ሚኒስትሩ ከጄ. ኤች. ቶማስ ነው ተብሎ ተደመደመ፤ ሚኒስትሩም በግንቦት ወር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ በገባበት በዚያው ወር መሆኑ ነው።

ወደ ራሳችን ሕግ እንመለስ። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። የወንጀል ሕጉ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ያወቀውን ምስጢር እንዳይገልጽ ይከለክላል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሥልጣንን አላግባብ መገልገልን ይቀጣል። የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 የጥቅም ግጭትን ይመለከታል። ከሁሉ ይልቅ ለርዕሳችን የሚቀርበው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ነው። ይህ አዋጅ ለሕዝብ ይፋ ባልሆነ የውስጥ መረጃ ተጠቅሞ መገበያየትን በግልጽ ከልክሏል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሲከፈትም ይህ ክልከላ አብሮት ተወልዷል ማለት ይቻላል።

ችግሩ አዋጁ የሚናገረው ስለ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ መሆኑ ነው። የባንክ አክሲዮን በውስጥ መረጃ የገዛ ሰው በቀጥታ ይመለከተዋል። የአማቹን ስልክ ሰምቶ ሁለት መኪና ጀንፈል የገዛ ሰው ግን አክሲዮን አልገዛም፤ ቡና ነው የገዛው። እርሱን ለመክሰስ ዐቃቤ ሕጉ ወደ ምስጢር መግለጽ ወይም ወደ ሥልጣን አላግባብ መገልገል ዞሮ፣ ተቀባዩን ትቶ ከሰጪው መጀመር ይኖርበታል። ትርፉ ደግሞ ያለው ከተቀባዩ ዘንድ ነው። ድንገተኛ ትርፍን በሚመለከት የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንቀጽ 60 ሳይጠበቅና ሳይደከምበት በተገኘ ትርፍ ላይ የገንዘብ ሚኒስትሩ በሚያወጣው መመሪያ መሠረት ግብር ሊጣል እንደሚችል ደንግጓል። ይህም ቢሆን ሳያውቅ የታደለውንና አውቆ የገዛውን አይለይም፤ መለየትም ዓላማው አይደለም። የትርፉ ምንጭ የመንግሥት ምስጢር ሲሆን የተገዛው ዕቃ ምንም ይሁን ምን የሚሠራ አንድ ግልጽ ድንጋጌ ቢኖር፣ የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ይህ ክፍተት ይጠብባል የሚል ነው።

ሕግ ብቻውን ግን ብዙ አይራመድም፤ ምክንያቱም ምስጢር በእኛ አገር የሚወጣበት መንገድ በገንዘብ ቦርሳ አይደለም። ከቀብር መልስ በድንኳን ውስጥ፣ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ሲጠጣ አንድ ዘመድ ይጠይቃል፤ «ወንድም ጋሼ፣ እናንተ ዘንድ ምን ይሰማል? ቡናዬን ልሽጥ ወይስ ላቆየው?» ይላል። መልሱ ምስጢር መግለጽ አይመስልም። «ትንሽ ብትቆይ አይከፋም» ብቻ ይበቃል። የሆምስ የመስኮት መጋረጃ ማለት ይህች ናት። ዘመዱም ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚሰማውን ለባልንጀራው ይነግራል፤ ባልንጀራው ለነጋዴው ይነግራል። ከሦስት ቀን በኋላ የማያውቀው ከዴቻ ጫካ ቡና ለቅሞ በእግሩ የሚመጣው ሰው ብቻ ይሆናል። «አላውቅም» ብሎ መመለስ ለዘመድ መጨከን ተደርጎ በሚቆጠርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይህን ፈተና በግለሰብ ሥነ ምግባር ብቻ እንወጣዋለን ማለት ለሠራተኛው ከባድ ሸክም መጫን ነው። የሚሻለው የሚያውቅበትን ጊዜ ማሳጠር ነው።

እዚህ ላይ በሕዝብ ግንኙነት ሙያ የምንሠራ ሰዎች ስለ ራሳችን ዘርፍ መናገር ይገባናል። አንድ ዋጋ ወይም ተመን የሚለውጥ ውሳኔ ሲወሰን መግለጫው ከመውጣቱ በፊት የሚያልፍባቸው ጠረጴዛዎች ብዙ ናቸው። ረቂቁን የሚጽፍ፣ የሚያርም፣ የሚተረጉም፣ ደብዳቤውን የሚተይብ፣ ማኅተም የሚያደርግ፣ ለክልልና ለዞን በፋክስ ወይም በቴሌግራም የሚልክ አለ። እያንዳንዱ ሰው ታማኝ ቢሆን እንኳ፣ ዐሥራ አምስት ሰው ለአራት ቀን የሚያውቀው ነገር ምስጢር ነው ለማለት ያስቸግራል። ሐሙስ ተወስኖ ሰኞ የሚታወጅ ውሳኔ በመካከሉ ያሉትን ቀናት ለማን እንደሚሰጥ ማሰብ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ መዘግየቱ የሚመጣው ከተንኮል አይደለም፤ የሚፈርመው ኃላፊ ለመስክ ሥራ ወጥቶ ነው፤ አልያም መግለጫው ያምራል አያምርም በሚል ክርክር ነው። ውጤቱ ግን ያው ነው።

በቀደመው ዘመን አዋጅ ሲነገር የነበረው በገበያ ቀን፣ ነጋሪት ተጎስሞ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ነበር። «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ይባል ነበር። ሕጎቻችን የሚታተሙበት ጋዜጣ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ባለጠጋውም ድሃውም በአንድ አፍታ መስማቱ ለሥነ ሥርዓት ድምቀት ብቻ የተደረገ አይመስለኝም፤ ሻጭና ገዥ በተሰበሰቡበት መንገሩ ማንም ቀድሞ እንዳይሰማ ያደርጋል። የዛሬው ነጋሪት ድረ ገጽ፣ ቴሌቪዥንና ማኅበራዊ ሚዲያ ነው። ማታ በአዲስ አበባ በአማርኛ የተነገረ መግለጫ ጠዋት በቦንጋ ኤፍ ኤም በካፊኖኖ ካልተሰማ፣ ስልክ ያለው ሰብሳቢ ስልክ በሌለው አርሶ አደር ላይ የግማሽ ቀን ብልጫ ያገኛል። በለቀማ ወቅት ግማሽ ቀን ብዙ ነው። ትርጉሙ ከመግለጫው ጋር አብሮ ተዘጋጅቶ፣ በአንድ ሰዓት እንዲለቀቅ ማድረግ ብዙ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

የውጭው ዓለም ውሳኔም ከዚህ አያመልጥም። ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት በብራዚል ምርቶች ላይ የ50 በመቶ ቀረጥ እንደሚጥሉ ሲያስታውቁ የዓለም የቡና ዋጋ ወዲያው ተንቀሳቅሷል፤ ከወራት በኋላ ቡና ከቀረጡ ነጻ ሲደረግም እንዲሁ። ቀደም ብሎ በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. የቀረጥ እርምጃዎች በድንገት ሲገቱ፣ ውሳኔውን አስቀድሞ አውቆ የነገደ አለ ወይ በማለት የአሜሪካ ሴናተሮች ምርመራ ጠይቀው ነበር። በዋሽንግተን ያለ አንድ ሰው የሚያውቀው ቀን በኒውዮርክ ዋጋ ይሆናል፤ ዋጋው በአዲስ አበባ ላኪውን፣ በቦንጋ አቅራቢውን አልፎ ሺሺንዳ መንገድ ዳር ቆሞ ከሚጠብቀው አርሶ አደር ዘንድ ይደርሳል። በዋሽንግተኑ ሰው ላይ ምንም ሥልጣን የለንም። በእኛው ሰው ላይ ግን አለን።

ከቡና ሌላ በቦንጋ አንድ አዲስ ነገር ተጨምሯል። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. 11ኛው ክልል ሆኖ ሲመሠረት፣ ቦንጋ ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆናለች። ማዕከል የሆነች ከተማ መንገድ፣ ቢሮ፣ መናኸሪያ፣ የመኖሪያ መንደር ይታቀድላታል። ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት የመንገዱን መስመር የሚያውቅ ሰው በዳር ያለውን ቦታ ከባለይዞታው በርካሽ ለመውሰድ ይችላል። ቡና ቢያንስ በሚቀጥለው ዓመት ያፈራል፤ ሰው ያጣውን በከፊል ይመልሳል። ይዞታ አንዴ ከሄደ አይመለስም። ስለዚህ የከተማ ፕላን ረቂቅ ለሕዝብ ውይይት የሚቀርብበትን ቀን ማስቀደም ከምንዛሪ ምስጢር ባልተናነሰ ሊታሰብበት ይገባል። ምንዛሪ በባሕርዩ በድንገት መታወጅ ያለበት ነው፤ የመንገድ መስመር ግን የሚደበቅበት በቂ ምክንያት ማግኘት ያስቸግራል።

በዚህ ረገድ ጥርጣሬ ያደረበት ዜጋ ማድረግ የሚችለው ነገር አለ። ቡና ሲሸጥ ቀኑን፣ ክብደቱንና ዋጋውን የያዘ ደረሰኝ መቀበልና ማስቀመጥ ቀላሉ ነው፤ በማኅበራት ሥራ አስፈጻሚዎችና በካፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አባል ማኅበራት በኩል የሚሸጥ ሰው ይህን ማስረጃ ከማኅበሩ መዝገብ ማግኘት ይችላል። አንድ ገዥ ከአንድ መግለጫ በፊት ባሉት ቀናት ከወትሮው በተለየ ሁኔታ ሲሰበስብ እንደነበር የሚያሳየው እንዲህ ያለ የቀን መዝገብ ነው፤ ሌላ ምስክር አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ጥቆማ የሚሰጥ ሰው የሚጠበቅበትን ሥርዓት የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ደንግጎታል። ጥቆማው ለዞኑ ወይም ለክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ተቋም፣ እንዲሁም ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ ሊቀርብ ይችላል፤ የሸጡበት ቀንና መግለጫው የወጣበት ቀን አብረው ቢጻፉ መርማሪውን ያግዛሉ።